ሥራዬ ባዳ መሆን ነው

እናቴ ስለ ሥራዬ የምትሰጠው መልስ በጠያቂው ይወሰናል። ለዕድሯ ሴቶች «ዶክተር ነው፣ የጭንቅላት» ትላቸዋለች። የንስሐ አባቷ ሲጠይቋት «ሰው ይመክራል» ብላ ታሳጥረዋለች፤ በእሳቸው ድንበር የገባሁ ይመስላታል መሰለኝ። ልጅ ለመዳር ለሚያስቡ ወላጆች ደግሞ «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ትላለች፤ የመንግሥት ሥራ ከለቀቅኩ ዓመታት ቢያልፉም። ብቻችንን ስንሆን ነው ዋናውን ጥያቄ የምታወጣው፤ «ለመሆኑ ልጄ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ላወራው ወሬ ለአንተ ለምን ይከፍልሃል?»

ይህን መሰል ጥያቄ ከእናቴ ሌላ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ የፈቃድ መስኮት ሠራተኛ፣ የሕንፃ ጥበቃና የደንበኛ አጎት በየተራ ጠይቀውኛል። መልሱን የሰጡኝ ግን የሸሹኝ ሰዎች ናቸው። እንዴት ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ።

ሳይኮሎጂ የገባሁት በፎርም ነው። በእኛ ጊዜ ዲፓርትመንት የሚሰጠው በምርጫና በውጤት ነበርና ሕግ አንደኛ፣ ኢኮኖሚክስ ሁለተኛ፣ ጋዜጠኝነት ሦስተኛ ብዬ ሞላሁ። ከዚያ በታች ያሉትን መስመሮች ባዶ መተው አይቻልም ስለተባለ ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ እየነገረኝ ጻፍኩ። ስም ዝርዝሩ የተለጠፈ ዕለት ሰሌዳው ፊት እየተጋፋሁ ብፈልግ ሕግ ላይ የለሁም፤ ኢኮኖሚክስ ላይ የለሁም፤ ሳይኮሎጂ ላይ ቁልጭ ብዬ ተገኘሁ። ቤት ስደውል አባቴ ትንሽ ዝም አለና «ሥራ አለው?» አለኝ። «ሞልቶ!» አልኩት። የትምህርቱን ስም ራሱ በቅጡ የሰማሁት የዚያኑ ዕለት ነበር።

በኋላ ሳነብ ግን የሙያው ታላላቆችም በቀጥታ መንገድ እንዳልመጡ ገባኝ። ካርል ሮጀርስ፣ የዛሬው ምክክር ግማሹ የቆመው በእሱ ትከሻ ላይ ነው፣ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሊማር ያሰበው ግብርና ነበር። ያደገው እርሻ ላይ ነዋ። ከዚያ ወደ ታሪክ ዞረ። በ1922 እ.ኤ.አ. ለክርስቲያን ተማሪዎች ጉባኤ ቻይና ደርሶ ተመለሰ። ቀጥሎ ኒው ዮርክ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገባ፤ እዚያም አልረጋም፤ መንገድ ተሻግሮ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ሳይኮሎጂ ጀመረ። ይህ ሰው የኛ አገር ልጅ ቢሆን ኖሮ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደው ነበር።

የሳይኮሎጂ ተማሪ መሆን የራሱ ፈተና አለው። ዶርም ውስጥ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪን ማንም ሰው «እስቲ ድልድይ ሥራ» አይለውም። እኔን ግን የገባ የወጣው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይለኝ ነበር። «ራት» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ እሆናለሁ፤ የካፌውን ምግብ ለቀመሰ ሰው ይህ ጥበብ አይጠይቅም።

ክረምት አገሬ ስገባ ደግሞ አክስቴ ሕልም ይዛ ጠበቀችኝ። «ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ» አለች ደረቷን እየደቃች። በእኛ ቤት ጥርስ መውለቅ የዘመድ ሞት ነው፤ ያለቀለት ፍቺ ነው። እሷ ግን የተማረው ልጅ ሌላ ፍቺ ይኖረው እንደሆነ ልትሞክር ነው። የሲግመንድ ፍሮይድን የሕልም ፍቺ መጽሐፍ ያን ሰሞን አንብቤዋለሁ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣ ነው፤ ስለ ጥርስ መውለቅም አስፍቶ ጽፏል። ችግሩ ፍሮይድ ነገሩን የሚያገናኘው ከሞት ጋር ሳይሆን ሰው በሩን ዘግቶ ለብቻው ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። አክስቴ እሮብና ዓርብ የምትጾም፣ ነጠላዋን ተከናንባ ፊቴ የተቀመጠች ሴት ናት። «ፍሮይድም ሞት ነው ይላል» አልኳት። በጣም ደስ አላት። «አየህ፣ ፈረንጅም ያውቃል» አለች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ምክክር የሚባለውን ኮርስ ስንጀምር ሮጀርስን በደንብ አወቅነው። ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው፤ አትፍረድ፣ አታስመስል፣ ራስህን በተናጋሪው ቦታ አድርገህ ስማ። መንገድ አታሳይ፤ የነገረህን ስሜት መልሰህ አሳየው፤ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። እኔም ትምህርቱን ዶርም ይዤ ገባሁ። የክፍል ጓደኛዬ ከፍቅረኛው ተጣልቶ አልጋው ላይ ሲገላበጥ፣ «በጣም እንደተናደድክ ይሰማኛል» አልኩት። «ተናድጃለሁ» አለ። «ተናድደሃል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ልትተወኝ ፈልጋለች እኮ!» «ልትተውህ እንደምትፈልግ ነው የተሰማህ።» ብድግ አለና «አንተ ሰውዬ፣ እየሰማኸኝ ነው ወይስ እያላገጥክብኝ?» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ። ሄዶ የነገረው ለካፌው በር ጠባቂ ነው። እሳቸውም «ተዋት!» አሉት። ተዋት።

ኮምፒዩተር እንኳ ከእኔ የተሻለ ዕድል ነበረው። በ1966 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ የሚያስተምረው ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ሥራዋ የሮጀርስ ዓይነት አማካሪ መምሰል ነው፤ የጻፋችሁላትን ዐረፍተ ነገር ገልብጣ በጥያቄ ትመልስላችኋለች፤ ከዚያ በላይ የምታውቀው ነገር የለም። ዋይዘንባውም እንደጻፈው፣ ፕሮግራሟ ስትሠራ ለወራት ቁጭ ብላ ያየችው የራሱ ጸሐፊ ጥቂት እንደተጻጻፈች ዞር ብላ «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። ሰውየው ክፉኛ ደነገጠ። እኔ ይህን ሳነብ የሳቅኩት በጸሐፊዋ ነበር፤ ሚስጥሩ የገባኝ በኋላ ነው። መቼም ለማንም የማታወራ፣ ማንንም የማታውቅ፣ የማን ልጅ ነሽ ብላ የማትጠይቅ አድማጭ አግኝታ ነበራ።

ተመረቅኩና የመጀመሪያ ሥራዬን በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገኘሁ፤ «ጋይዳንስና ካውንስሊንግ»። ቤት ያከራዩኝ እትዬ ሥራዬን በነገርኳቸው ማግስት ማታ በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ውጤቱ ለማንም አይነገርም አይደል?» አሉኝ። «የምን ውጤት እማማ?» ለካ ያን ጊዜ ካውንስለር ሲባል ሰው የሚያውቀው በየጤና ጣቢያው ቪሲቲ ክፍል ተቀምጦ የኤችአይቪ ውጤት የሚነግረውን ባለሙያ ነው። እዚያ ስም አይጻፍም፤ ኮድ ይሰጣል፤ ብልጡም ሰው ከሰፈሩ ራቅ ወዳለ ጣቢያ ሄዶ ነው የሚመረመረው። እኔ ተማሪ ቤት እንደምሠራ ባስረዳቸው ደስም አላላቸውም። ያን ሁሉ ሹክሹክታ በከንቱ አውጥተዋል።

የተሰጠኝ ቢሮ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤትም ነበር። አየር የጎደላቸው ኳሶች፣ የተቀደደ የቮሊቦል መረብ፣ የሰንደቅ ዓላማ ገመድ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ዴስክ። አንድ ልጅ ተቀምጦ ስለ አባቱ መጠጥ ሊነግረኝ ከንፈሩን ሲያላቅቅ የስፖርት መምህሩ በሩን በርግዶ «ይቅርታ፣ አንዴ» ብሎ በመካከላችን ተንጠራርቶ ኳስ ያወርዳል። ኳሱን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ያነጥርና፣ «ይሄስ አየር የለውም» ብሎ ሌላ ይመርጣል። ልጁ እስከዚያ ከንፈሩን መልሶ ገጥሟል።

ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሥራዬን የሚያውቁት ግን በራሳቸው መንገድ ነው። አርፋጅ ወደ እኔ ይላካል። የተደባደበ ወደ እኔ ይላካል። የሥነ ዜጋ መምህር የቀረ ዕለት እኔ እገባለሁ። በዚህ ምክንያት ተማሪው የእኔን በር ከቅጣት ለይቶ አያየውም ነበር። አንድ ቀን አስጠሩኝና «ያቺ የዘጠነኛ ቢ ልጅ ምን አለችህ?» አሉኝ። ሚስጥር እንደሆነ፣ የራሷን ወይም የሌላን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በስተቀር ለሌላ ሰው እንደማይነገር አስረዳሁ። «ከእኔ?» አሉ፤ በእውነት አዝነው። «እኔ እኮ አባቷን አውቀዋለሁ!»

እሳቸው አባቷን ማወቃቸው ለመጠየቅ መብት የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ለልጅቷ ደግሞ የማትናገርበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ያስረዳችኝ አንዲት ሌላ ተማሪ ናት፤ ያውም ምንም ሳትነግረኝ።

ማንም ሳይልካት ራሷ የመጣች የመጀመሪያዋ ልጅ ነበረች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። የተማርኩትን አደረግኩ፤ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። «ቲቸር፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት?» አለችኝ። «አይደለሁም።» ትከሻዋ ትንሽ ወረደ። «የት ነው የሚኖሩት?» ሰፈሩን ነገርኳት። «ማን ቤት?» የአከራዬን ስም ነገርኳት። ደብተሯን መልሳ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ከአያቴ ጋር አንድ ዕድር ናቸው» አለች። ከዚያ ተነሣች፤ «በቃ ቲቸር፣ ደህና ነኝ፤ እግረ መንገዴን ነው» ብላ ወጣች። ሚስጥር እንደምጠብቅ ልነግራት ከበሩ ድረስ ተከተልኳት፤ ለእሷ ግን ጉዳዩ የእኔ አፍ አልነበረም። ነገ ጠዋት አያቷ እኔ ግቢ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ፣ እኔ የማውቀውን ይዤ እሳቸውን «እንዴት አደሩ» ልላቸው ነው። የሚያውቅ ዓይን ራሱ ይናገራል።

ከትምህርት ቤቱ ለቅቄ አዲስ አበባ በገባሁ ጊዜ የሳዑዲ ዐረቢያው ነገር መጣ። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተመለሱ። ሳይኮሎጂ የተማረ ሁሉ ይምጣ ተባለና እኔም በፈቃደኝነት ገባሁ። የሰጡን ሥልጠና የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ የሚባለው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ጋር ያወጣው መመሪያ አለው። ሦስት ቃል ነው፤ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። ማንንም አስገድደህ አታናግር፤ መጀመሪያ ውኃውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ስልኩን። ከትምህርቴ ሁሉ እንደዚህ ወዲያው የሠራልኝ የለም። ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ አጠገብ ተቀምጬ በለሰለሰ ድምፅ «አሁን ምን ይሰማሻል?» ከማለቴ በፊት «ቻርጀር አለህ?» አለችኝ። ነበረኝ። የዕለቱ ትልቁ ሕክምና እሱ ሆነ፤ በአንድ ሶኬት ዙሪያ ሃያ ሴቶች ተሰልፈው እናታቸው ጋ ይደውላሉ።

አመሻሹ ላይ ያቺው ሴት ቻርጀሩን ልትመልስልኝ መጣች። ዕቃዋ አንድ ፌስታል ነው። ተቀመጠች። «ወንድሜ፣ አገርህ የት ነው?» «ጎጃም።» «ወሎ ዘመድ አለህ?» «የለኝም።» «ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ የምታውቀው ሰው?» «ማንም የለም።» ያቺ ተማሪ የጠየቀችኝን ዓይነት ጥያቄ ነው፤ እዚህ ግን ፈተናውን አለፍኩ። ከዚያ አወራችኝ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ። ያወራችውን አልጽፈውም። ስትጨርስ ፊቷን በሻሿ ጠርጋ፣ «ነገ አገሬ ስገባ ‹አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነበርኩ› ነው የምላቸው፤ አንተን የነገርኩህ ስለማላውቅህ ነው» አለች። ስሜን አልጠየቀችኝም፤ እኔም የሷን ፎርሙ ላይ አልጻፍኩም።

እናቴ ለምትጠይቀኝ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ወሬ የሚሰማ ሰው በአገራችን አልታጣም። ጎረቤቱ ይሰማል፤ የታክሲ ረዳቱ ይሰማል፤ ምክሩም ሳይጠየቅ ይዘንባል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የምንለውም በከንቱ አይደለም፤ ስንወልድ፣ ስንታመም፣ ስንቀብር ብቻችንን አይደለንም። ነገር ግን በዚያው ልክ፣ አንድ ነገር ነግረነው በማግስቱ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በማኅበር የማንገናኘው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ዘመድ ሞልቶን ባዳ አጥተናል። የሚከፈለኝ ባዳ ስለሆንኩ ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር መገናኛ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየን። ባዳነት ግን በቀላሉ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ ፈቃድ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ «አልጋ ይኖረዋል?» አለችኝ። «የለውም።» «መድኃኒት?» «አንሰጥም።» «ሥልጠና ነው?» «አይደለም።» «ታዲያ ምንድነው የምትሠሩት?» «ሰው ይናገራል፣ እኛ እናዳምጣለን።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ በአገጯ አሳየችኝና፣ «እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምን እየሠራሁ ነው ታዲያ?» አለች።

ቀጥሎ ጥበቃው። ጋሽዬ ቅን ሰው ናቸው፤ ደረጃው ሥር ቆመው የገባውን ሁሉ ይረዳሉ። ሁለተኛ ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ ስላለ ግራ የተጋባ ሰው ሲያዩ በታላቅ ድምፅ፣ «የጥርስ ነው የአእምሮ?» ይላሉ። በዚህ ምክንያት የእኛ ደንበኞች ብዙዎቹ ሁለተኛ ፎቅ ጎራ ብለው፣ የጥርስ ሳሙና ዋጋ ጠይቀው፣ ዙሪያቸውን አይተው ነው ወደ ላይ የሚወጡት። አይፈረድባቸውም። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲቆይ ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ፤ «አማኑኤል ይግባ» ሲባል ያልሰማ የለም። ሐኪም እንኳ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ለማድረግ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሥልጠናውን እዚሁ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። እኔ ሐኪም እንዳልሆንኩ፣ መድኃኒት እንደማላዝ፣ ከባድ ሕመም ሳይ ወደ ሳይካትሪስት እንደምልክ ስናገር ጋሽዬ፣ «ታዲያ ከጥርስ ክሊኒኩ በምን ትሻላለህ?» አሉኝ።

ሰሌዳውን ቀየርነው፤ «የማማከር አገልግሎት» ብቻ። በሳምንቱ በር ላይ ወረፋ ሆነ። ጓደኛዬ ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት ሲከፍት ፊተኛው ልጅ ጉርድ ፎቶውን ዘርግቶ «ዲቪ ስንት ነው የምትሞሉት?» አለው። ኪራይ ያለብን ሰዎች ነንና፣ ጓደኛዬ ያን ሰሞን ጥቂት ሞላ።

እውነተኛ ደንበኛም መጣ፤ ያውም ከነቤተሰቡ። እንቅልፍ ያጣ ወጣት፣ አባቱ፣ አጎቱና አንድ የሰፈር ሽማግሌ። የምክክር መጽሐፉ ሁለት ወንበር በትንሹ ወደ ጎን ዞር ብሎ ይቀመጥ፣ ሰዓት ከሁለቱም ይታይ፣ ሶፍት በእጅ ይድረስ ይላል፤ ስለ ሽማግሌ አይናገርም። አስቀመጥኳቸው። አጎትየው ዙሪያውን አየና «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። በእኛ አገር ይህን ጥያቄ አለመመለስ ነውር ነው፤ መመለስ ደግሞ ሙያዬን ማፍረስ ነው። አባቴ የት ወረዳ፣ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ከነገርኩት በሁለት ስልክ ደርሶበት እናቴን ራሷን ያገኛታል። «አገሬ ሩቅ ነው» አልኩ። «ቢሆንስ?» አለ። ሽማግሌው ታደጉኝ፤ «ተወው፣ ሐኪም ነው፣ ይሥራ» አሉና ሁሉንም አስነሥተው ወጡ። ወጣቱ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀና ትንፋሹን ለቀቀ። መጀመሪያ የተናገረው «እነሱን አታውቃቸውም አይደል?» የሚል ነበር።

አንድ ምክክር የሚቆይበት የሃምሳ ደቂቃ ነገርም አለ። አንድ ጎልማሳ የሆዱን ዘርግፎ፣ ዓይኑ እርጥብ እንዳለ፣ ሰዓቱን አይቼ «ለዛሬ ጊዜያችን አልቋል» ስለው፣ «እያስወጣኸኝ ነው?» አለኝ። እንግዳ ተነሥቶ «ልሂድ» ሲል ባለቤቱ «ምን ቸኮልክ» የሚልበት አገር ነው። ከዚያ ሲከፍል፣ «ካርድ የለ፣ ኪኒን የለ፣ መርፌ የለ፤ ምክርህን እንኳ አልሰጠኸኝም» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከነማሩ መጣ፤ ከአገር ቤት ያስመጣው ማር። ስጦታ መቀበል ከደንበኛ ጋር ያለውን ድንበር ስለሚያደበዝዝ ሥነ ምግባሩ ጥንቃቄ ያዛል። ማሩን ከመለስኩ ቂም ነው፤ ከተቀበልኩ ዝምድና ነው፤ ቀጥሎ ለክርስትና ይጠራኛል። ጋሽዬ እንዲወስዱት ተስማማን። በዓመቱ ውስጥ ከሙያዬ በግልጽ የተጠቀሙ ሰው እሳቸው ናቸው።

ፈተናው ከቢሮ ውጭ ይብሳል። የጓደኛዬ አጎት ሞቶ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስገባ ፊት ለፊቴ አንዲት ደንበኛዬ ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። ስለዚያ ባል ከእናቱ በላይ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ሰላም ይባባላል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ እሷ ካልጀመረች አልጀምርም። ዓይኗን ወደ ንፍሮው አደረገች። ባልየው ግን ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ጨበጠኝና ቦታ ለቀቀልኝ፤ በሁለቱ መሐል ተቀመጥኩ። «ምን ትሠራለህ ወንድሜ?» አለኝ። «መምህር ነበርኩ» አልኩ፤ ውሸት አይደለም። ንፍሮ ዘገነልኝ። ባቄላውን አንድ በአንድ ስፈለፍል ስለ መንግሥት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዝናብ አወራን። ሰኞ መጥታ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ቃል «አመሰግናለሁ» ነበር። ከዚያ ሳቀች፤ በእኔ ቢሮ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ጓደኛዬ በዚህ ሁሉ አይስማማም። «አንተ የፈረንጅ በር ዘግተህ ሰው አልመጣም ትላለህ» ይለኛል፤ «የዚምባብዌዎቹን አያቶች ተመልከት።» ነገሩ እውነት ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከታካሚዎቹ አንዷ ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ አጥታ ሳትመጣ ቀርታ ራሷን ካጠፋች በኋላ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ውስጥ 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ውጤቱ ተጠንቶ በ2016 እ.ኤ.አ. በትልቅ የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ በአያቶቹ የታገዙት በግልጽ ተሽሏቸዋል። «አየህ» ይላል ጓደኛዬ፣ «ባዳ ሳይሆን አያት ነው የሚያስፈልገን።» እኔ ደግሞ የምጠቁመው አግዳሚውን ነው። የተቀመጠው ጤና ጣቢያ ግቢ እንጂ አያትየዋ ደጅ አይደለም። አያት ትሁን፣ ግን የእኔ አያት አትሁን!

ለዚህ ክርክር ዋና ምስክሬ አክስቴ ናት፤ ያቺ ባለ ጥርሷ። ቤቷ አጠገብ ደብር አለ፤ የንስሐ አባቷ ግን ማዶ ካለ ደብር ናቸው፤ ሁለት ሰዓት በእግር። ለምን እንዲህ እንደምትደክም ስጠይቃት፣ «የሰፈሩን ቄስ በየቀኑ መንገድ ላይ እያገኘኋቸው እንዴት ኃጢአቴን ልንገራቸው? በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለችኝ። ሮጀርስን አላነበበችም፤ ክፍያውን ግን በእግሯ ትከፍላለች።

ዛሬ ዛሬ «ጋሼ፣ ሳይኮሎጂ ልግባ?» የሚለኝ ወጣት በዝቷል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ፍሬሽማን ሁሉ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ስለሚወስድ፣ እንደ እኔ ስሙን ከሰልፍ ላይ የሚሰማ የለም። ግባ እላለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን አማካሪ እንደማያደርግህ እወቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተናውም አለ፤ ከሱም በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከሱም በኋላ ልምድ ያለው ሰው ሥር ሆነህ የምትሠራበት ጊዜ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪራይ የሚሸፍን ሌላ ሥራ ያዝ፤ ማስተማርም፣ ሥልጠናም፣ ሲብስ ፎርም መሙላትም አለ። ዝምታ ልመድ። ቢሮህን ከምትኖርበት ሰፈር አርቅ፤ ጥበቃውን ቀድመህ ወዳጅ አድርግና ድምፁን እንዲቀንስ ለምነው። አንተም የምትነግረው ሰው ይኑርህ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው አማካሪን አይዘልም። እናትህ ደግሞ ምን እንደምትሠራ ካልገባት አታስጨንቃት፤ «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ትበል።

እናንተም ይህን ሁሉ ታግሳችሁ የሰማችሁኝ፣ የሆነ ነገር ከብዷችሁ ለሰው ልትነግሩ ካሰባችሁ አትፈሩ፤ መገናኛም ሆነ ሌላ ቦታ ባለሙያ ይገኛል። እኔ ጋ ግን አትምጡ። እናቴን፣ አክስቴን፣ ጋሽዬን አውቃችኋል፤ አገሬ ጎጃም እንደሆነም ሰምታችኋል። ተዋውቀናል።